ሲስተር የሺ ሳያዩት የዳነው ዓይኔ

ጋቢናዬ ላይ፣ ከመስኮቱ በኩል ሰው ሲቀመጥ እስከ ዛሬ ቅር ይለኛል። ሚኒባስ የሕዝብ ነው፤ ተሳፋሪም ያገኘው ቦታ ላይ ይቀመጣል፤ ይሄ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን ምን ላርግ፣ ያ ወንበር የሲስተር የሺ ነው።

ማረፋቸውን የሰማሁት ወልዲያ ጋራዥ ውስጥ፣ ከመኪናዬ ሥር ተንጋልዬ ነው። ጦርነቱ ከከተማው ወጥቶ ሰው ወደየቤቱ እየተመለሰ ነበር። እኔም ጎማዎቿን የተገፈፈች ሚኒባሴን ከዚህም ከዚያም ዕቃ ለቃቅሜ እግር እየተከልኩላት ነበር። መርሳ ላይ ሙዝ የምትሸጥ የድሮ ደንበኛዬ መጣችና አጠገቤ ቆመች።

"ሞላ፣ ሥራ መቼ ነው የምትጀምረው? ሰው እኮ በእግሩ አለቀ!"

"ሲስተር ዓይኔን ሲያዩልኝ" አልኳት። ቀልዴን አልነበረም።

ከመኪና ሥር ሆኜ የሚታየኝ እግሯ ብቻ ነው። እግሯ ወደ ኋላ አለ፤ ደሞ ተመልሶ መጣ።

"አልሰማህም እንዴ? ደሴ ላይ አረፉ እኮ። ነፍሳቸውን ይማር።"

"ሂጂ ወዲያ!" አልኳት። መርዶ ላመጣ ሰው እንዲህ ይባላል? እኔ ግን አልኩ። ሴትዮዋ አልተቀየመችኝም፤ ከዘንቢሏ ሙዝ አውጥታ ጎማው ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች። እዚያው እንደተንጋለልኩ አለቀስኩ። ያለቀስኩበት ዓይን ደግሞ ሲስተር የሺ "ሲድን አንዴ ልየው፤ ሳላየው መሪ እንዳትይዝ" ብለው ያስማሉኝ ዓይን ነው። አሁን ማን ሊያይልኝ ነው?

ቤታቸው ወልዲያ፣ ሥራቸው መርሳ ነበር። እዚያ ባለ ጤና ጣቢያ የዓይን ነርስ ነበሩ። ጠዋት በእኔ መኪና ይወርዳሉ፣ ከሥራ ሲወጡ በእኔው ይመለሳሉ። አጠር ደልደል ያሉ፣ ጥርሳቸው ፍንጭት፤ ነጩን ጋውን አጣጥፈው በፌስታል ይዘው፣ ትንሽ የእጅ ባትሪ በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ብቅ ሲሉ፣ መናኸሪያው በሙሉ ፊቱን ማባበስ ይጀምራል። ምክንያቱም የሲስተር ሰላምታ እንደ ሰው ሰላምታ አይደለም። "እንዴት አደሩ" ሲሏቸው መልስ ከመስጠታቸው በፊት አገጭዎን በሁለት ጣት ይዘው ወደ ብርሃን ያዞሩታል።

"ወደ ላይ እይ። ወደ ታች እይ። ወደ እኔ እይ። ደህና ነህ! እንዴት አደርክ?"

ቄስ ይሁን ሼህ፣ ሀብታም ይሁን ተሸካሚ፣ ለእሳቸው ያው ነው። አንድ ቀን ሲሪንቃ መውጫ ላይ ትራፊክ አስቆመኝ። ትርፍ ሰው ጭኛለሁ፣ አልክድም። ሰውየው መንጃ ፈቃዴን ሲቀበል ሲስተር በመስኮቱ አንገታቸውን አወጡ።

"ና እስቲ አንተ። ቆብህ ላይ ያበጠው ምንድን ነው?"

"ምንም አይደል እናቴ፣ ብጉር ናት። ማታ አፈርጣታለሁ።"

"ታፈርጣለህ? እጅህን ነው የምቆርጠው! የዓይን ቆብ ብጉንጅ ነው ይሄ። ንጹሕ ጨርቅ በሞቀ ውሃ ነክረህ ያዝበት፣ በራሱ ከስሞ ይሄዳል። ሲጨመቅ ነው የሚብሰው። ደሞ ጣትህን አታስነካው!"

ትራፊኩ እኔን ረስቶ "ውሃው ምን ያህል ይሙቅ?" እያለ ይጠይቃል። ተረፍኩ ብዬ ሞተር ላስነሳ ስል ግን ትዝ አለውና ከሰሰኝ። ያም ሆኖ ከዚያ ወዲያ ሲያስቆመኝ መጀመሪያ የሚያሳየው ቆቡን ነበር። መንጃ ፈቃዴን የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው።

የሲስተርን ጠባይ በደንብ ያወቅኩት ግን በአንድ ከሐራ የመጣ በሬ ነጋዴ ነው። ሰውየው ሁለቱም ዓይኑ ቀልቶ፣ ሽፋሽፍቱ በዓይናር ተጣብቆ መኪናው ውስጥ ገባ። በኛ አገር ዓይነ ማዝ የያዘውን ሰው ዓይን ዓይኑን ያየ ይያዛል ይባላል። መኪናው ሙሉ ሰው አንገቱን ወደ መስኮት አዞረ። ምስኪኑ ሰውዬ አፍሮ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣለ።

ሲስተር ከፊት ሆነው ዞር አሉ። "ምን ሆናችሁ? ውጭ ሠርግ አለ?"

"ወላሂ ሲስተር፣ ካየሁት ይይዘኛል" አለች አንዲት ሴት፣ ፊቷን በሻሿ ሸፍና።

"በማየት የሚይዝ ቢሆን እኔ እስካሁን ሁለቱንም አጥቼ ነበር! በእጅ ነው የሚይዝሽ። በፎጣ ነው። ከጎረቤትሽ በተዋስሽው ኩል ነው። ያንን የልጅሽን ዓይን የጠረግሽበትን ሻሽ መልሰሽ ዓይንሽ ላይ ስታደርጊው ነው። ና አንተ፣ እዚህ እኔ አጠገብ ና።"

ነጋዴውን ጋቢና አስመጥተው በእኔና በእሳቸው መሀል አስቀመጡት። ከዚያ እነዚያን ጥያቄዎቻቸውን ጀመሩ። ቁርአን እንደሚቀራ ሰው በዜማ ነበር የሚጠይቁት፤ እኔ መንገድ ላይ ሆኜ በልቤ እከተላቸዋለሁ።

"አንዱ ነው ሁለቱም? ይቆረቁርሃል ወይስ ያምሃል? ብርሃን ትችላለህ ወይስ ትሸሻለህ? ዓይናሩን ስትጠርገው አጥርተህ ታያለህ?"

"ሁለቱም ነው እናቴ። አሸዋ የገባበት ነው የሚመስለኝ። ጠዋት ተጣብቆ ነው የምነሳው፤ ሳጥበው ግን አያለሁ፣ አልሐምዱሊላህ።"

"አብሽር! ይሄ ይለቅሃል። ጤና ጣቢያ ቅባት እሰጥሃለሁ። ፊትህን በሚወርድ ውሃ ታጠብ፣ ፎጣህን ለብቻህ አድርግ፣ ልጅ አትሳም።" ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ ለመኪናው ሙሉ ነው። "አንድ ዓይን ብቻ ሆኖ የሚያም፣ ብርሃን የሚያሸሽ፣ ጠርጋችሁት የማይጠራ ከሆነ ግን እኔን አትጠብቁ። ሩጡ! እሱ ቀን አይሰጥም።"

ያኔ ይሄ ነገር በኔ ይደርሳል ብዬ አላሰብኩም።

ቀን አይሰጥም ያሉትን ሌላ ጊዜ በዓይኔ አይቻለሁ። አንዲት አራስ ወልዲያ ሆስፒታል ወልዳ፣ እናቷ ደግፋት፣ ወደ መርሳ ልትመለስ ተሳፈረች። ሰዉ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" እያለ ቦታ ለቀቀ። ሲስተር ሕፃኑን ገለጥ አደረጉት። ዓይኖቹ አብጠው፣ ከመሀላቸው ቢጫ መግል ይወርዳል።

"የአራስ ልጅ ዓይን ነው፤ ጡት ጠብ ስናደርግለት ይለቀዋል" አሉ አያቲቱ።

ሲስተር ግን ወደ እኔ ነው የዞሩት። "ሞላ፣ ከዚህ በኋላ አትቁም። መናኸሪያም እንዳትገባ። በቀጥታ ጤና ጣቢያ!"

ተሳፋሪው አጉረመረመ። አንዱማ "ይሄ አምቡላንስ ነው እንዴ?" ብሎ ጮኸብኝ። "አዎ፣ ዛሬ አምቡላንስ ነው!" ብዬ መለስኩለት። ልጁ ያን ቀን መርፌውን ተወጋ። ዛሬ አድጎ፣ መርሳ ላይ እናቱ ይዛው ስትሄድ ቢያየኝ ምላሱን ያወጣብኛል። አጥርቶ ያየኛል ማለት ነው።

ጦርነቱ ወልዲያ ደጃፍ ሲደርስ ክረምት ነበር። ከተማው ሲሸሽ ያየ ሰው አይረሳውም። ነዳጅ አልቆብኝ ሚኒባሷን አንድ ጓደኛዬ ግቢ አቆምኳት፤ እንዳትነዳብኝ ባትሪዋን ፈትቼ በአንሶላ አዘልኩ። የማመራው ጉባ ላፍቶ፣ ደጋው ላይ ያለችው አክስቴ ብርቄ ዘንድ ነው። ዳገቱ ሥር ሲስተር የሺን አገኘኋቸው፤ ፌስታላቸውን ይዘው ብቻቸውን ቆመዋል። ባላቸው ቀደም ብለው ሞተዋል፣ አንዲቷ ልጃቸው ሰላም ደሴ መምህርት ናት፣ ስልክ ተቋርጧል።

"ሰው ልጁን አዝሎ ይሸሻል፣ አንተ ባትሪ አዝለህ!" አሉኝ።

እዚያ ጭንቅ ውስጥ ሳቅኩ። "ከኔ ጋር ይምጡ ሲስተር፣ አክስቴ አለችኝ" አልኳቸው። ፌስታላቸውን ተቀብዬ ዳገቱን ተያያዝነው።

አክስቴና ሲስተር በመጀመሪያው ሳምንት እንደ ጣውንት ነበሩ። አክስቴ ብርቄ በአካባቢው የታወቀች "ዓይን አውጪ" ናት። ይሄ ሙያዋ ምን መሰላችሁ? ገለባ፣ ትንኝ፣ አቧራ ዓይኑ የገባበት ሰው ሁሉ ወደ እሷ ይመጣል፤ የዓይኑን ቆብ ገልጣ በምላሷ ጠርጋ ታወጣለታለች። ከሩቅ ቀበሌ ሳይቀር ይመጡባታል። ሲስተር ይሄን ሲያዩ አበዱ።

"ብርቄ፣ ምላስ ለመብያ ነው!"

"የኔ ምላስ ስንቱን አድኗል! አንቺ ያቺን መብራትሽን አብሪ" ትላለች አክስቴ።

ሲስተር አጥሩ ላይ ሥሩ በምስማር የተበሳ ሃይላንድ ሰቀሉ። ልጆቹ በየጠዋቱ ተሰልፈው በሚንጠባጠበው ውሃ ይታጠባሉ፤ እሳቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገጭ እየያዙ ያያሉ። አንድ ጎጆ ውስጥ ስንት ሰው ተጨናንቆ፣ ሳሙና ከስንት አንዴ እየተገኘ፣ ዝንቡ ፊት ላይ እየሰፈረ፣ እንደዚያ በበዛ ዓይነ ማዝ ማንም ዓይኑን አላጣም። ከፌስታላቸው ያመጧትን ቅባት እንደ ቅዱስ ዘይት ነበር የሚቆጥቧት። ወደ አመሻሹ ደግሞ የግቢው በር ላይ ቆመው ወደ ደሴ አቅጣጫ ያያሉ። የሚታይ ነገር የለም፤ ተራራ ነው። "ልጄ ትኖር ይሆን ሞላ?" ይሉኛል። "አለች ሲስተር፣ አብሽሩ" እላለሁ። ምን አውቄ?

ከዚያ አዝመራው ደረሰ። አውድማ ላይ በመንሽ ገለባ ወደ ነፋስ ሳወጣ ነፋሱ ዞረብኝና የግራ ዓይኔን አንድ ነገር ወጋኝ። ሲስተር ማዶ ያለው መንደር የታመመች ልጅ ለማየት ሄደው እዚያው ሰንብተዋል። አክስቴ ሮጣ መጣች። "ና የኔ ልጅ፣ ና" ብላ ቆቤን ገለጠችና በምላሷ ጠረገችው። ገለባው ወጣ። እፎይ አልኩ፤ ግንባሯን ሳምኳት።

በነጋታው ዓይኔ ቀላ። ቀጥሎ ዕንባው አልቆም አለ። በማግስቱ የጎጆው በር ሲከፈት ብርሃኑ እንደ መርፌ ወጋኝ፤ ጋቢ ጭንቅላቴ ላይ ጥዬ ጥግ ያዝኩ። አክስቴ "ላብህ ሳይደርቅ ነፋስ ወጣህ፣ ምች ነው የመታህ" ብላ ዳማከሴ ቆርጣ በእጇ እየጨመቀች መጣች። ጠብ ልታደርግልኝ አንገቴን ደግፋ ይዛኛለች።

"ብርቄ! ቁሚ!"

ሲስተር በር ላይ ናቸው። ጫማቸውን እንኳ አላወለቁም። መጥተው አገጬን ያዙ።

"አንዱ ነው ሁለቱም?"

"አንዱ ነው ሲስተር።"

"ይቆረቁርሃል ወይስ ያምሃል?"

"ያመኛል። እስከ ጭንቅላቴ ነው የሚሰማኝ።"

"ብርሃን..." አሉና ጨርሰው አልጠየቁኝም፤ ጋቢዬን አይተውታል። "የቀኝ ዓይንህን ሸፍን። ጣቴ ይታይሃል?"

"ጭጋግ ነው ሲስተር።"

የእጅ ባትሪያቸው ድንጋዩ ካለቀ ቆይቷል። ያን ያዘልኩትን የመኪና ባትሪ አምጡ አሉ፤ የፍሬቻ አምፖል በሽቦ አያይዤ ጭላንጭል አበራሁላቸው። ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩ።

"ሞላ፣ አልዋሽህም" አሉ በመጨረሻ። "ብሌንህ ላይ ነጭ ነጥብ አለ። ቁስል ነው። የኔ ቅባት አይመልሰውም። ቶሎ ቶሎ የሚደረግ ጠብታ ካላገኘ ዓይንህን ይወስደዋል።"

"ሾፌር ነኝ እኮ ሲስተር።"

"አውቃለሁ። ለዚያ ነው የማልዋሽህ።"

አክስቴ ዳማከሴውን ጣለችው። "እኔ ነኝ! ምላሴ ይቆረጥ! እኔ ነኝ ያጠፋሁት ልጁን!" ብላ ደረቷን መምታት ጀመረች። ስንት ሲሰዳደቡ የከረሙ ሴቶች ናቸው፤ ሲስተር አሁን ይጨርሷታል ብዬ ጠበቅኩ። ሲስተር ግን ሄደው ሁለቱንም እጇን ያዙ።

"ብርቄ፣ አንቺ ፍቅርሽን ነው የሰጠሽው። አፋችን ውስጥ ግን ፍቅር ብቻ አይደለም ያለው፣ ለዓይን የማይሆን ጀርምም አለ። በቃ፣ አሁን አታልቅሺ። እጅሽን በሳሙና ታጠቢና ጥፍርሽን ቁረጪ። ጠብታው ሲመጣ የምታደርጊለት አንቺ ነሽ።"

አክስቴ ሳሙና ፍለጋ ተነሳች። ዛሬም ድረስ ስለ ሲስተር የሺ ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ይሄ ነው።

ጠብታው ያለው ወልዲያ ነው። አንድ የሚያውቁት ባለመድኃኒት ቤት ከዝርፊያ የተረፈውን ቤቱ ደብቆ እንደሚሸጥ ሰምተዋል። "እኔ ነኝ የምሄደው" አሉ። አይሆንም አልኩ፤ ጮኽኩ። ታጣቂ መንገዱን ይዞታል፣ እግራቸው ደግሞ ቆስሏል፤ የስኳር በሽተኛ ናቸው።

"አንተን ወጣቱን ሲያዩህ ያስቀሩሃል። አሮጊት ዶሮ ይዛ ገበያ ስትወርድ ማን ያያታል? ደሞ ላንተ ብቻ ብዬ አይደለም፤ የኔም መድኃኒት አልቋል።"

የአክስቴን እንቁላል ጣይ ዶሮ በብብታቸው አድርገው፣ ያረጀ ነጠላ ተከናንበው ወረዱ። ያን ቀንና ያን ሌሊት እንዴት እንዳለፍኩት አልናገርም። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ውሻው ጮኸ። ሲስተር በአንድ ብብታቸው ዶሮዋን እንደያዙ፣ በሌላ እጃቸው ዱላ ተደግፈው፣ እያነከሱ ግቢ ገቡ።

"ምነው ዶሮዋን ሳትሸጫት መለስሻት?" አለች አክስቴ።

"ፍተሻው ላይ አንዱ ሊወስዳት ፈለገ። 'የታመመች ናት፣ ትይዝሃለች፣ ዓይኗን እየው' አልኩት። ፊቱን አዞረ!" ብለው ተንከትክተው ሳቁ። ከጉያቸው ጨርቅ አወጡ፤ የጠብታው ብልቃጦች ተጠቅልለውበታል።

"የእርስዎስ መድኃኒት?" አልኳቸው።

"የኔ የለም። ከተማው ውስጥ የስኳር መድኃኒቱም የለ፣ ስኳሩም የለ። ተወው። ብርቄ፣ እጅሽን ታጠብሽ?"

አክስቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሴት ሆነች። ሲስተር ለሰዓት መለኪያ ግቢው ውስጥ እንጨት ተክለዋል፤ ጥላው ምልክቱን ባለፈ ቁጥር ታጥባ ትመጣለች፣ የታችኛውን ቆቤን ዝቅ አድርጋ ጠብ ታደርጋለች፣ ብልቃጡ ሽፋሽፍቴን እንዳይነካ ትንፋሿን ውጣ ትይዛለች። ገለባ የገባበት ሰው ሲመጣ ወደ ሃይላንዱ ታሳየዋለች። "ታጠብ! ካልወጣልህ ለሲስተር ንገር! የኔ ምላስ ከእንግዲህ ለመብያ ነው!" ዶሮዋን ሳይቀር "ሲስተር" ብላ ነበር የምትጠራት። ሲስተር ሰምተው "እሷ ከኔ ትሻላለች፣ እንቁላል ትጥላለች" አሉ።

ሕመሙ ረገብ አለልኝ። በሩ ሲከፈት ፊቴን ማዞር ተውኩ። ጭጋጉ እየሳሳ ሄደ። ሲስተር ግን እየከሱ መጡ። ውሃ ይጠማቸዋል፣ ይጠጣሉ፣ ደሞ ይጠማቸዋል። እግራቸው ላይ ያለው ቁስል አልደርቅ አለ። በገበያተኛ ሁሉ መድኃኒቱን አስጠየቅን፤ አልተገኘም። "እግርዎን ላየው ሲስተር" ስላቸው ነጠላቸውን ይጎትቱበታል።

"እግሬን ተወው። እግር ዓይን አይደለም። ና ወደ ብርሃኑ፣ ወደ ላይ እይ።"

መንገዱ የተከፈተ ሰሞን ሰላም መጣች። ከደሴ እስከዚያ ዳገት ድረስ ግማሹን በእግሯ፣ ግማሹን በጭነት መኪና መጥታ ግቢው በር ላይ "እማዬ!" ስትል፣ ሲስተር ተነስተው መሮጥ አማራቸው፤ አልቻሉም፤ እዚያው ተቀምጠው እጃቸውን ዘረጉ። ሰላም እቅፋቸው ውስጥ ገባች። ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? አገጯን ይዘው ወደ ፀሐይ አዞሩት። "ደህና ነሽ" አሉና ያን ጊዜ አለቀሱ።

ሰላም ደሴ ሆስፒታል ልትወስዳቸው፣ በቃሬዛ አወረድናቸው። የፊተኛውን ጫፍ የያዝኩት እኔ ነኝ። ቁልቁለቱ አልቆ አስፋልት ዳር ስናሳርፋቸው፣ ተኝተው ሽቅብ አዩኝ።

"ጎንበስ በል። ቅላቱ ሄዷል። ጠባሳው ግን ገና አልረጋም። ሲድን አንዴ ልየው። ሳላየው መሪ እንዳትይዝ፤ የሰው ነፍስ ነው የምትጭነው። ማልልኝ።"

"እናቴ ትሙት።"

"እናትህማ ድሮ ሞታለች! በሌላ ማል።"

"እርስዎ ይሙቱ!" አልኳቸው።

ሳቁ፣ ፍንጭታቸው እስኪታይ። ሁላችንም ሳቅን። በኛ አገር በምንወደው ሰው ነው የምንምለው፤ ከልቤ ነበር የማልኩት። አሁን ግን ያቺን ቃል ከአፌ ባላወጣኋት እላለሁ።

ስልክ ሲመለስ ደወልኩ። ሆስፒታል ተኝተዋል፤ ድምፃቸው ሩቅ ነው። "ሲስተር፣ ዳነ እኮ! አጥርቼ አያለሁ" አልኳቸው። "በስልክ ዓይን አይታይም! ና!" አሉኝ። መንገዱ ገና መኪና አልለመደም ነበር፤ የሚሄደውም ሞልቶ ነው የሚያልፈው። ጓደኞቼ "አንተ ሞኝ፣ ሐኪም ካየህ አይበቃም? ንዳ እንጂ!" ይሉኛል። ወልዲያ ያየኝ ሐኪምም ደህና ነህ ብሎኛል። ግን እኔ የማልኩት በሲስተር ነው። ሚኒባሷን ጠግኜ፣ በሌላ ሾፌር አስነድቼ እሑድ ልሄድላቸው ቆርጬ ሳለሁ ነው ባለሙዟ የመጣችው።

ደሴ የሄድኩት በሰው መኪና፣ ኋላ ወንበር ላይ ነው። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ገብቼ ጥግ ተቀመጥኩ። የማውቀው ሰው የለም። ጥቁር የለበሰች ሰላም ከሴቶቹ መሀል አየችኝ። ተነሳች። ሰው እያያት ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጥታ ክንዴን ይዛ ወደ ድንኳኑ አፍ፣ ወደ ፀሐዩ አወጣችኝ።

"ሰላም፣ እግዜር ያጥናሽ..." ብዬ ጀመርኩ።

"ቆይ" አለችኝ። አገጬን በሁለት ጣት ያዘች። ጣቶቿ የእናቷ ናቸው፤ አጫጭር፣ ጥፍራቸው የተቆረጠ። "አደራ ብላኛለች። 'እኔ ካልደረስኩ አንቺ እይልኝ' አለችኝ። እኔ ነርስ አይደለሁም። አልጋ ላይ ሆና ነው ያሳየችኝ።"

ቃላቱን እንደ ተማሪ እያስታወሰች አለቻቸው።

"ወደ ላይ እይ።"

አየሁ።

"ወደ ታች እይ። ፀሐዩ ያምሃል?"

"አያመኝም።"

"ቀኙን ሸፍን። ምን ይታይሃል?"

ድንኳኑ ይታየኛል። ሰዎቹ ይታዩኛል። የሰላም ዕንባ፣ ጉንጯ ላይ የሚወርድበት መስመር ሳይቀር ይታየኛል። "ሁሉም" አልኳት።

"ወደ እኔ እይ" አለች። ብዙ አየችኝ። ከዚያ አገጬን ለቀቀችና በነጠላዋ ሳይሆን በእጇ ጀርባ ፊቷን ጠረገች።

"ድነሃል" አለችኝ። "ንዳ።"